የጋሽ መርዕድ ኬብል

ጋሽ መርዕድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናደዱኝ ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው ለሥራ ፈተና ተጠርቼ ሁለት ሰዓት ላይ ስለደረስኩና ለማንኳኳት ድፍረት አጥቼ ግማሽ ሰዓት በሩ ላይ ስለቆምኩ ነው። በመጨረሻ በሩ ከውስጥ ተከፈተና ቡናማ ካፖርት የለበሱ፣ የመነጽራቸው እጀታ በፕላስተር የተጠመጠመ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጥላሽ በበሩ ሥር ይታየኛል» አሉኝ። «እኛ ጥበቃ አልቀጠርንም።»

ባለፈው እሁድ አርባቸው ወጣ። ግቢያቸው ውስጥ ሰዎች ተራ በተራ እየተነሱ ስለ እሳቸው ተናገሩ። አንዱ ትሑት ነበሩ አለ፤ ሌላው ለሰው አሳቢ ነበሩ አለ። ከዚያ አንድ ጎረቤታቸው ተነሥተው፣ «መርዕድ ሲያስረዳ የማይሰለች ሰው ነበር» ሲሉ የምጠጣው ውሃ ትን አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ብሩክ ጀርባዬን እየመታ፣ «ቻይው፣ ቻይው፤ ለቅሶ ላይ ነን» አለኝ በሹክሹክታ። የሱም ትከሻ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

እኔ አልተናገርኩም። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ዛሬም አይሆንልኝም። ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ያ ንግግር እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ የማውቃቸው ጋሽ መርዕድ ምንም ነገር አስረድተው አያውቁም። በአንድ ቃል ሊመልሱት የሚችሉትን ጥያቄ ሰውን ሦስት ቀን ያንከራትቱበታል። አንዴም በዚህ የተነሣ የሰው ፓምፕ ተቃጥሏል። የተቃጠለው ደግሞ በእኔ እጅ ነው።

ያኔ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቅኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ከተማው በሙሉ ግንባታ ነው፤ ከቦሌ እስከ ገርጂ ባሕር ዛፍ ያልታሰረበት ሕንጻ፣ ያልተቆፈረ መንገድ አይታይም። ለሲቪል መሐንዲሶች ሥራው እንደ ጠጠር ይፈስ ነበር። እኔ ግን የምፈልገው ማሽን ውስጥ ለሚቀመጡ ትንንሽ ቺፖች ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ኢምቤድድ ሶፍትዌር የሚባለውን። እናቴ ለጎረቤቶቻችን ስታስረዳ፣ «የኮምፒውተር ሥራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አይታይም» ትል ነበር። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ሲቪዬን ያላስገባሁበት ቢሮ የለም። «ዌብሳይት ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። አልሠራም ስል «እንደውላለን» ይላሉ። አይደውሉም።

የጋሽ መርዕድን ማስታወቂያ ያየሁት መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ፣ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ነው። በእጅ የተጻፈ ነበር። «ለቺፕ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ወይም የምትችል፣ ትዕግሥት ያለው ወይም ያላት» ይላል። ትዕግሥት ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

መሥሪያ ቤቱ ገርጂ ውስጥ፣ ከአንድ ብየዳ ቤት በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። የሚሠራው የሕንጻ ውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሕንጻ ሁሉ ምድር ላይ ታንከር፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለው። ውሃው ሲመጣ ከታንከሩ ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፑ ነው። ፓምፑን «ተነሥ፣ ቁም» የሚለው ደግሞ የጋሽ መርዕድ ሳጥን ነው።

የዚያን ማክሰኞ ሲቪዬን ተቀብለው ሳያዩት የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡበት። ከዚያ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የምትልበት ቦርድ ፊቴ አኖሩና፣ «ይህቺ ምን ትላለች?» አሉ።

«ማለት… ምን እንድሠራ ነው?»

«እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ? እሷን ጠይቂያት።»

ይህን ብለው ወጡ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ አልተመለሱም። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ቀጭን ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ብሩክ ነው፤ እዚያ ከተቀጠረ ዓመት ሆኖታል።

«አይዞሽ» አለኝ። «እኔን ሁለት ቀን ነው ያስቀመጡኝ። ሻይ ልዘዝልሽ?»

አፍሬ አይ አልኩት። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ መብራቷን መቁጠር ጀመርኩ። በየሰከንዱ አንዴ ትበራለች። አልፎ አልፎ ግን ድንገት ትጠፋና ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ በርታ እንደገና ትጀምራለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን፣ ከመጥፋቷ በፊት ሁልጊዜ ከታች የብየዳ ድምፅ እንደሚሰማ ልብ አልኩ።

ጋሽ መርዕድ ስድስት ሰዓት ላይ ቆሎ እየቆረጠሙ ገቡ። «እህ?»

«ከታች ብየዳ ሲጀመር ኃይል ይቀንስባትና… እንደገና የምትነሣ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል የሚባለው ስለ ሰው ዕድሜ ነው። ውረጂና ብየዳውን አስቁሚ።»

ወረድኩ። በያጁ አጎንብሶ በር እየበየደ ነው። «ይቅርታ» አልኩ። አልሰማኝም። አራት አምስት ጊዜ ይቅርታ አልኩ። በመጨረሻ መከላከያውን ከፊቱ ላይ ሲያነሣ አየኝ።

«በር ነው መስኮት፣ እህቴ?»

«አይ… ለትንሽ ደቂቃ ቢያቆሙልኝ ብዬ ነው። ላይ መብራት አለች፣ እሷን…»

ሳልጨርስ ጓንቱን አወለቀና ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ «አቁም ባክህ፣ መርዕድ ሌላ ሰው ሊቀጥር ነው!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ስንት ደቂቃ? ያለፈው ልጅ አሥር ነው ያለን፣ ሻይ ጠጥተን መጣን።»

ስመለስ መብራቷ ሳትቋረጥ ትበራለች። ጋሽ መርዕድ ቀና ሳይሉ፣ «አሁንስ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«አይመስለኝም። ብየዳው ነው።»

«ነገ አንድ ሰዓት ነይ። ሦስት ወር ሙከራ ነው።»

በሦስቱ ወራት ውስጥ ስለ እሳቸው መጀመሪያ የተማርኩት ስለ ኬብሉ ነው። ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ከተጻፈ በኋላ ወደ ቺፑ የሚጫንበት ኬብል አለ። ሌላ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ሰው የራሱ አለው። ገርጂ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ውሎ የሚያድረው በጋሽ መርዕድ ካፖርት የግራ ኪስ ውስጥ፣ ከቆሎው ጋር ነው። ጫፉ ውስጥ የገብስ ገለባ እየገባ አንዳንዴ አልይዝ ይላል። ያኔ ሦስት ጊዜ እፍ ይሉበታል። ሁለቴ አይደለም፣ አራቴም አይደለም።

ኬብሉ ከኪስ እንዲወጣ ፕሮግራሙ ይነበባል። ጮክ ብሎ፣ መስመር በመስመር፣ በአማርኛ። «ሮቶው ከሞላ ፓምፑ ይቁም። ሮቶው ከጎደለና ታች ውሃ ካለ ፓምፑ ይነሣ።» ድምፄ ዝቅ ካለ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። አንዴ አርባኛው መስመር ላይ ደርሼ ድምፄ ስለሰለለ ብቻ አስመለሱኝ።

«ጋሼ፣ እኮ ትክክል ነው» አልኩ ለቅሶ ሲመጣብኝ።

«ትክክል ከሆነ ለምን ታፍሪበታለሽ? ማሽን ይሉኝታ የላትም፣ ሜሮን። ያልሻትን ታደርጋለች። ልትያት አስበሽ የተውሽውን አታደርግም።»

ጥሩ አባባል ነው፤ ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል። ኬብሉን ኪሳቸው ከትተው ሲጠፉ ግን ደስ አይልም። ኬብሉ ከሳቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ይይዛል፣ ዕድር ይሰበሰባል። ስልክ ስንደውል ዝግ ነው። አንድ ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፀጉር ቤት አገኘኋቸው። ግማሽ ፊታቸው በሳሙና ተሸፍኗል። ላፕቶፔን ከፍቼ ቆምኩ።

«አንብቢ» አሉ ከሳሙናው ሥር።

«እዚህ?»

«ምላጭ ነው የያዘው፣ እኔ መምጣት አልችልም።»

አነበብኩ። ወረፋ የሚጠብቁ ሦስት ወንዶች ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ጎረቤቱን፣ «ጸሎት ነው?» ሲለው ሰማሁ። «አይ፣ ሮቶ ሮቶ ትላለች» አለው ያኛው። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ መርዕድ ግን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ፎጣው ሥር እጃቸውን አስገብተው ኬብሉን አወጡልኝ። ፀጉር ቆራጩ፣ «አንተ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ልቆርጥህ ነበር» አላቸው።

እናቴ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ስትለኝ «ማንበብ» እላታለሁ። የምንኖረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። የኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣለች። እናቴ የምትነቃው በቧንቧው ድምፅ ነው። ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ሽሽሽ ይላል። «መጣች!» ብላ ትጮሃለች። እኔ ጄሪካኖቹን አሰልፋለሁ፤ ከቧንቧው ሥር ግን አላስገባም። መጀመሪያ የሚወጣው ነፋስ ነው፣ ቀጥሎ ቀይ ውሃ ነው። ሁለቱም እስኪያልፉ እንጠብቃለን። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንዴት እንደረሳሁት ግን ዛሬም አይገባኝም።

በሦስተኛው ወር ጋሽ መርዕድ ራሳቸው ከዓመታት በፊት የጻፉትን ዋና ፕሮግራም እንዳጸዳ ሰጡኝ። የተጠላለፈ ነበር፤ አንድም ቦታ ለምን እንዲህ እንደተደረገ የሚገልጽ ቃል የለውም። መሃል ላይ አንዲት መስመር አገኘሁ። ከውጭ በሚመጣው ቧንቧ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጎማ አለች፤ ውሃ ሲያልፍ ትዞራለች፣ ሳጥኑም ውሃ እንደመጣ የሚያውቀው በሷ ነው። ታንከር ውስጥ የሚንሳፈፈው፣ የውሃውን ልክ የሚያሳየው ኳስ በደለል ስለሚጣበቅ ጋሽ መርዕድ አያምኑትም ነበር። ፕሮግራሙ ጎማዋ መዞር ከጀመረች በኋላ አሥር ደቂቃ ይጠብቅና ከዚያ ፓምፑን ያስነሣል። ለምን አሥር ደቂቃ?

ጠየቅኳቸው። «እሷን ጠይቂያት» አሉ፣ ቦርዷን እያሳዩኝ።

በማግስቱ ጠየቅኳቸው። «እሷን ጠይቂያት አላልኩሽም?»

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሲበሉ ጠየቅኳቸው። አፋቸው ሙሉ ስለነበር በሹካቸው ወደ ቦርዷ ጠቆሙኝ።

እሺ ብዬ ጠየቅኳት። በርሜል ሞላሁ፣ ቱቦ አገናኘሁ፣ ከፈትኩ። ጎማዋ ዞረች፣ ውሃው ወዲያው መጣ። ሃያ ጊዜ ሞከርኩ፤ ሃያውንም ጊዜ ወዲያው መጣ። አሥሩ ደቂቃ ከንቱ ነው። ወዲህ ደግሞ ወይዘሮ ፋናዬ ይጮሃሉ። መድኃኔዓለም አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ደንበኛችን ናቸው። እሳቸው ሰፈር ውሃ የምትመጣው አርብና ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። «ሳጥናችሁ ውሃ መጥታም ይተኛል! ለአርብ የሠርግ እንግዶች አሉብኝ፣ ቀስቅሱልኝ» ይሉ ነበር በስልክ።

ሐሙስ ዕለት መስመሯን አጠፋሁ። ኬብሉን ፍለጋ ስሄድ ጋሽ መርዕድ የሉም። የድሮ ባልደረባቸው ሞቶ ቀብር ሄደዋል፤ ከኬብሉ ጋር። ስልካቸው ዝግ ነው።

ብሩክ መሳቢያውን ከፍቶ አዲስ፣ ከፕላስቲኩ ያልወጣ ኬብል አሳየኝ። «የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ጋሼ ቢያውቁስ?»

«ጋሼ የሚያውቁት ካነበብሽላቸው ነው።»

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ፋናዬ ግቢ ሄደን ጫንኩት። ሳላነብ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ እንደ ሌላው ዓለም መሐንዲስ ኬብል ሰካሁ፣ ተጫነ፣ ነቀልኩ። ገለባ የለ፣ እፍ የለ። በማግስቱ አርብ የሙከራ ጊዜዬ ማለቂያ ነበር። ሥራዬን ያየ ሰው ሊያባርረኝ አይችልም ብዬ ተኛሁ።

አርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ተደወለ። እኔና ብሩክ ስንደርስ የወይዘሮ ፋናዬ ግቢ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ፓምፑ ጠቁሯል። በረንዳው ላይ ፎጣ ትከሻቸው ላይ የጣሉ እንግዶች ቆመዋል። ማታ ታንከሩንም ሮቶውንም ጨርሰውታል፤ ግቢው ውስጥ እጅ የሚያስታጥብ ጠብታ አልነበረም።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አሉ ወይዘሮ ፋናዬ። ከዚያ መልስ ሳይጠብቁ፣ «መብራቱ ነው አይደል? ማታ ብልጭ ድርግም ሲል ነበር።»

ብሩክ ክርኔን ነካ አደረገኝ። «ነው ነው» አለ። «ከፍ ዝቅ ሲል ሞተር ያቃጥላል።»

በዚህ ከተማ መብራት ያላቃጠለው ነገር ስለሌለ ማንም አያጣራም። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ አይደል መሐንዲሷ? መብራቱ ነው?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት። እኔም እንዲወስዱት ተውኳቸው።

ጋሽ ጉታ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የግቢው ጥበቃ ናቸው፤ ሕንጻው ከመሠራቱ በፊት ቤተሰባቸው እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያርስ ነበር። «መብራት እንኳን ጠዋት ደኅና ነበር» አሉ ረጋ ብለው። «ውሃዋ ልትመጣ ስትል ቧንቧው ሽሽሽ አለ። ነፋስ ነው። የእናንተ ሞተር ግን ወዲያው ተነሣ። ምን ሊጠጣ ነው የተነሣው ብዬ ገረመኝ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ሸተተ። ማጥፊያው የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ላቆመው አልቻልኩም። ይሄ ማሽናችሁ ነፋስና ውሃ አይለይም እንዴ? ላሜ ትለይ ነበር።»

አሥሩ ደቂቃ። ጎማዋን የሚያዞራት ውሃ ብቻ አይደለም። በርሜል ውስጥ ነፋስ የለም፤ ባዶ የሰነበተ የከተማ ቧንቧ ውስጥ ግን ከውሃው ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው፤ ውሃ ሳያገኝ የሚሠራ ፓምፕ ደግሞ ይቃጠላል።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተከፈተና ጋሽ መርዕድ ገቡ። ብሩክ ከመንገድ ላይ ደጋግሞ ደውሎ አግኝቷቸው ኖሯል። ከለቅሶ ቤት ነው የመጡት፤ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። ፓምፑን አዩ፣ አሸተቱ። ወይዘሮ ፋናዬን ሰላም አሉ። ከዚያ አንድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ «ሜሮን፣ አንብቢልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ…»

«አንብቢ።»

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሴትየዋ፣ ጥበቃው፣ ፎጣ የጣሉት እንግዶች ሁሉ ያዩኛል። ማንበብ ጀመርኩ። ሮቶው ከሞላ። ሮቶው ከጎደለ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ቀጥዪ።»

«ጎማዋ ስትዞር… ፓምፑ ወዲያው ይነሣ።»

«ቤትሽ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይመጣል?»

«ነፋስ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከልጅነቴ።»

«ታዲያ አሥሩን ደቂቃ ለምን እንዳስቀመጥኩ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብሩክ ዛሬም ለሰው ሲያወራ ቆሞ ነው የሚያወራው። እኔ የማስታውሰው ድምፄ ከሕንጻው ግድግዳ ተላትሞ ወደ እኔ ሲመለስ ነው።

«ጠይቄዎት ነበር!» አልኩ። «ሦስት ቀን ጠይቄዎታለሁ! እሷን ጠይቂያት አሉኝ! ጠየቅኳት! ሃያ ጊዜ ጠየቅኳት! እሷ ገርጂ በርሜል ሥር ነው የተቀመጠችው፣ ነፋስ አታውቅም! እርስዎ ያውቃሉ! አንድ ቃል ነው! ነፋስ ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎታል? ኬብሉንም ኪስዎ ከተው ይጠፋሉ፣ ስልክዎ ዝግ ነው፣ ሰው እንዴት ይሥራ? ሳላነብልዎት የጫንኩት እኔ ነኝ፤ መብራቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ግን ጠይቄዎት ነበር!»

በረንዳው ላይ አንዱ እንግዳ «ወይ ጉድ» አለ። ብሩክ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ልክ ናት» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ወይዘሮ ፋናዬ ዞረው። «ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሦስተኛው ጊዜ ሹካ ይዤ ነበር። መብራት አይደለም እመቤቴ፤ ሳጥኑ ነው፣ ሳጥኑ የኛ ነው። ብሩክ ከገርጂ ትርፉን ፓምፕ ያምጣና ዛሬውኑ ይተክላል።»

ተነሥተው ካፖርታቸውን አራገፉ። ለእኔ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወደ ለቅሶ ቤታቸው ተመለሱ። ከበሩ ሲወጡ ብሩክ ፀጉሩን ያዘ። «ኬብሉን አሁንም ይዘውት ሄዱ!» አለ።

ከሰዓት በኋላ ፓምፑን ተከልን። ሳጥኑን አጥፍተን ጋሽ ጉታ በእጃቸው እያስነሡ ሮቶውን ግማሽ ሞሉት። ነገ ግን ውሃ በሦስት ሰዓት ትመጣለች፤ ከዚያ በፊት አዲሱ ፕሮግራም መጫን አለበት። ብሩክ የዱባዩን ኬብል ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ። «ጠዋት ሄደሽ ጫኝው፣ ማንም አያይሽም» አለኝ።

ማታ እናቴ ፊቴን አይታ፣ «አባረሩሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ሦስት ወሩ ዛሬ አይደል ያለቀው? አልጠየቅሻቸውም?»

«እሳቸውን መጠየቅ ጥቅም የለውም፣ እማዬ።»

ቅዳሜ ማለዳ አሥሯን ደቂቃ ወደ ቦታዋ መለስኩ። ከመስመሯ በላይም ምክንያቱን በአማርኛ ጻፍኩ። ከዚያ ታክሲ መያዣው ጋ ሄጄ ቆምኩ። የመድኃኔዓለም ታክሲ መጣ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ኬብሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ታክሲው ሄደ። እኔ በእግሬ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ፤ እዚያው ገርጂ ነው፣ የሟቹ ሠልስት ነበር።

ድንኳኑ ሙሉ ነው። ጋሽ መርዕድ ጥግ ላይ፣ ሁለት አዛውንቶች መሃል ተቀምጠዋል። ነፍስ ይማር ብዬ ገባሁና ከፊታቸው ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ላንብብ ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ማንበብ ጀመርኩ።

በሹክሹክታ ነበር የጀመርኩት፤ ግን ራሴው መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ በደንብ እንዲሰማ። መስመሯ ጋ ስደርስ ከላይ የጻፍኩትንም አነበብኩ፦ «ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ነፋስ ይመጣል፣ ጎማዋንም ያዞራል። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ጠብቅ።»

«ልክ ነው» አሉ አንደኛው አዛውንት ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ። «መጀመሪያ ነፋስ ነው። ቀጥሎ ቀዩ ነው።»

«ቀዩን እንኳን እኛ ለአትክልት ነው የምናደርገው» አሉ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ከኋላ።

«እኛ ጋ ነፋሱ ሩብ ሰዓት ይቆያል፤ ቆጣሪውም በነፋስ ይዞርብናል!»

ድንኳኑ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሟቹን ረስቶ ስለ ውሃ አወራ። ጋሽ መርዕድ ሁሉንም አዳመጡ።

«ያን ከላይ ያለውን ማን ጻፈው?» አሉኝ።

«እኔ። ማንም ስላልጻፈው።»

ቆሎ ቆረጠሙ። ከዚያ እጃቸውን የግራ ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ኬብሉን አወጡ። ጫፉን ተመለከቱ፣ ሦስት ጊዜ እፍ አሉበት፣ ሰጡኝ።

«ሰኞ ስትመጪ መልሺልኝ።»

«ሰኞ?» አልኩ።

«ሰኞ ሥራ የለሽም እንዴ?» አሉ፣ እንደ ደደብ እያዩኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ይህን ትናንት ከበሩ ሲወጡ በሁለት ቃል ሊነግሩኝ ይችሉ እንደነበር ነው። ተነሣሁ፣ ነፍስ ይማር አልኩ፣ ታክሲ ይዤ መድኃኔዓለም ወረድኩ። ኬብሉ አንዴ አልይዝ ብሎኝ ተጨማሪ ገለባ በመርፌ አወጣሁ። ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ተጫነ።

ጋሽ ጉታ ወንበራቸውን ከታንከሩ አጠገብ አምጥተው ሌላ ለእኔ አስጠጉልኝ። ትንሽ ቆይቶ ቧንቧው አሳለ፣ ሽሽሽ አለ፣ ጎማዋ መዞር ጀመረች። ፓምፑ ዝም አለ።

ጋሽ ጉታ ሰዓታቸውን አዩ። «አሥር ደቂቃ?»

«አሥር ደቂቃ» አልኳቸው።

ተቀምጠን ጠበቅን።